ሴቷን ውሻ ማስመከን ወይስ እንዳለች መተው? ለደሴና ለኮምቦልቻ ባለውሾች የንጽጽር መመሪያ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ሴት ቡችላ በነፃ ትሰጣለች። ወንዱን ግን ገና ዓይኑ ሳይገለጥ ሰው ይዞታል። ምክንያቱን የማያውቅ የለም። ሴት ውሻ ያለችበት ግቢ በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል የሰፈር ወንድ ውሻ ሁሉ መሰብሰቢያ ይሆናል። ከዚያ ደግሞ ቡችላ በካርቶን ይዞ ጎረቤት ማንኳኳት ይመጣል።

ሴት ውሻ ይዞ የተገኘ ሰው ታዲያ ምክር አያጣም። ጎረቤት "መጀመሪያ አንዴ ትውለድ" ይላል። ሌላው "መርፌ አለ አይደል እንዴ?" ይላል። የእንስሳት ሐኪሙ "ማህፀኗን እናውጣው" ይላል። እናት ደግሞ "ፈጣሪ የሰጣትን ምን ብላችሁ ነው የምትነኩት?" ትላለች። ሁሉም የሚናገረው ከልቡ ነው። ችግሩ አጥራችሁን አይቶ የሚመክር አለመኖሩ ነው። እኔ አጥሩን አስቀድማለሁ፤ ምክንያቱም ማስመከን ወይም መተው የሚወሰነው ከሐኪሙ ጠረጴዛ በፊት እናንተ ግቢ ውስጥ ነው።

መጀመሪያ መመዘኛዎቹ

*አጥርና በር።* በግንብ የታጠረ፣ የብረት በር ያለው ግቢ እና ዙሪያው ቆርቆሮ የሆነ ግቢ አንድ አይደሉም። ወንድ ውሻ ሲፈልግ በቆርቆሮ ሥር አፈር ቆፍሮ በአንድ ሌሊት ይገባል። ደሴ ላይ ደግሞ ተዳፋቱን አትርሱ። የላይኛው ጎረቤት ግቢ ከእናንተ ጣሪያ እኩል ከሆነ፣ ከታች ስታዩት ረጅም የሚመስላችሁ ግንብ ከላይ ለሚመጣው ውሻ መዝለያ ነው። በሩን ከጎረቤት ጋር የምትጋሩ ወይም ተከራይ የሚገባ የሚወጣበት ግቢ ከሆነ ደግሞ አጥሩ ምንም ያህል ቢጠነክር ዋጋ የለውም። አንድ ልጅ ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ በሩን ገርበብ አድርጎ ይተወዋል፤ በቃ።

*ቤት የሚውል ሰው።* ያልመከነች ውሻን መጠበቅ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ሦስት ሳምንት የሚፈጅ ሥራ ነው። ሁሉም ሰው ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ ከሆነ ይህን ሥራ የሚሠራ የለም ማለት ነው።

*ዕድሜና ዝርያ።* የአገራችን መካከለኛ ውሻና ጀርመን ሼፐርድ (ወይም የሱ ዲቃላ) በተለያየ ዕድሜ ነው ለቀዶ ሕክምናው የሚደርሱት። ለምን እንደሆነ ወረድ ብሎ አለ።

*ሐኪሙ።* የአካባቢያችን የእንስሳት ሐኪሞች ቀናቸውን የሚያሳልፉት በአብዛኛው በከብት፣ በበግ፣ በፍየልና በጋማ ከብት ነው። ጎበዝ ናቸው፤ የውሻ ሆድ ከፍቶ ማህፀን ማውጣት ግን እጅ የሚፈልግ ሥራ ነው። የተለማመደ ሰው አግኝታችኋል ወይ?

*ገንዘብ።* የቀዶ ሕክምናውን ዋጋ ብቻ ጠይቆ "ውድ ነው" ማለት ግማሽ ሒሳብ ነው። ከጎኑ የቡችሎቹን ምግብ፣ የትላትል መድኃኒት፣ ክትባት፣ አንድ ቀን የሚመጣውን ድንገተኛ ሕክምና ጻፉ።

*የቡችሎቹ መድረሻ።* ወረቀት ውሰዱ። ሴት ቡችላ ከእናንተ በእርግጥ የሚወስዱ ሰዎችን ስም ጻፉ። "ሰው አይጠፋም" ስም አይደለም። ብዙ ሰው ሁለት ስም ጽፎ ብዕሩ ይቆማል። አንዲት ውሻ ደግሞ በአንዴ አምስት ስድስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትወልዳለች፤ ግማሽ ያህሉም ሴቶች ናቸው። ስም ያልተገኘላቸው ቡችሎች የት እንደሚደርሱ ገበያ ዳር ወይም ቦይ ውስጥ ካርቶን ያየ ሰው ያውቃል። ያደጉትም ቢሆኑ ጎዳና ላይ ናቸው። ባለቤት የሌለውን ውሻ በመርዝ መግደል ደግሞ በአገራችን ከተሞች የቆየ አሠራር ነው።

አንድ ነገር ከንጽጽሩ ውጭ ይሁን፦ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት። ማምከን ከዚህ በሽታ አይከላከልም፤ ክትባት ብቻ ነው የሚከላከለው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የሚተላለፈው በውሻ ነው። ስለዚህ የትኛውንም ምረጡ፣ ሦስት ወር ሲሞላት ትከተብ፤ ከዚያም ሐኪሙ በሚነግራችሁ ጊዜ ይደገም። ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ክትባቱ ይቅደም።

አንደኛው አማራጭ፦ እንዳለች መተው

ሰው ይህን "ምንም አለማድረግ" አድርጎ ያየዋል። እንዲያውም ከአራቱ ብዙ ድካም ያለበት ይህ ነው።

ድራት፣ ማለትም ወንድ የምትፈልግበት ወቅት፣ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ወር ዕድሜዋ ውስጥ ይጀምራል። ትልልቅ ዝርያዎች ላይ እስከ ዓመት ተኩልና ከዚያም በላይ ሊዘገይ ይችላል። ከዚያ በኋላ በየ6 ወሩ ገደማ ይመላለሳል። አንዱ ዙር ወደ ሦስት ሳምንት ይቆያል።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ብልቷ ያብጣል፣ ደም ይታያል። ወንዶቹ ይመጣሉ፤ እሷ ግን አትቀበላቸውም፣ ትነክሳቸዋለች። በሁለተኛው ሳምንት ደሙ እየቀጠነ ወደ ፈዛዛ ሮዝ ውሃነት ይለወጣል። ባለቤቱ "ተመስገን፣ አለቀ" ብሎ በሩን ይከፍታል። እውነቱ ግን ወንድ የምትቀበለውና የምታረግዘው ያኔ ነው። ቀን መቁጠር ያለባችሁ ደም ካያችሁበት የመጀመሪያ ቀን አንስቶ ነው። ከ21 ቀን በፊት በር አይከፈትም፤ አራት ሳምንት ብትሞሉ ደግሞ ይሻላል።

በዚህ ጊዜ ውስጥ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ በራችሁ ሥር አምስት ስድስት ውሻ ይጣላል። ጎረቤት ያማርራል። እሷም ራሷ መውጫ ትፈልጋለች። ሾልካ ከወጣች ኮምቦልቻ ላይ ከባድ መኪና የሚመላለስበትን አስፋልት ታቋርጣለች። ከአንድ በላይ ወንድ ሊያገኛትም ይችላል፤ በአንድ እርግዝና የተለያየ አባት ያላቸው ቡችሎች መውለድ የተለመደ ነው። ከወንዱ ጋር ተያይዛ ካገኛችኋት ደግሞ አትጎትቱ፣ ልጆቹም ድንጋይ አይወርውሩ። እስከ 20 ደቂቃ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል፤ በራሱ ይለያያል። በጉልበት መለያየት ሁለቱንም ይጎዳል።

በግንኙነት የሚተላለፍ የብልት ዕጢም አለ። ልቅ ውሻ በበዛበት አገር ሁሉ የተለመደ ነው። ከብልቷ ደም የሚንጠባጠበው ድራቷ ካለፈ በኋላም ካልቆመ ይህንን ጠርጥሩ። በመድኃኒት ይድናል፤ መድኃኒቱ ግን ለካንሰር የሚሰጥ ዓይነት ስለሆነ በየቦታው አይገኝም።

ከሁሉ የሚከፋው የማህፀን መግል ነው። ድራቷ ካለፈ በኋላ፣ በተለይ ከሁለት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ማህፀኗ ውስጥ መግል ይቋጠራል። ውሃ አብዝታ ትጠጣለች፣ ቶሎ ቶሎ ትሸናለች፣ ምግብ ትተዋለች፣ ታስመልሳለች፣ ትደክማለች። መግሉ በብልቷ ከወጣ ቢያንስ ይታያል። የማህፀኗ በር ከተዘጋ ግን ምንም አይወጣም፤ ሆዷ ብቻ ይነፋል። ባለቤቱ "አርግዛ ይሆናል" ብሎ ሲጠብቅ ትሞታለች። ሕክምናው ያው ቀዶ ሕክምና ነው፤ ልዩነቱ በታመመች፣ በደከመች፣ ምናልባትም ባረጀች ውሻ ላይ በጥድፊያ መሠራቱ ነው። ይህ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም በሽታ አይደለም። ስዊድን ውስጥ በውሻ ኢንሹራንስ መዝገብ ላይ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው ካልመከኑ ሴት ውሾች ሩብ ያህሉ 10 ዓመት ሳይሞላቸው ይይዛቸዋል።

ጥቅሙስ? አለ። ማደንዘዣ የለም፣ ቢላ የለም። ትልቅ ዝርያ ከሆነች አጥንቷና መገጣጠሚያዋ በራሷ ሆርሞን ያድጋል። ሽንት የማምለጥ ችግርም ያን ያህል አይታይባትም። ጠንካራ አጥርና ቤት የሚውል ሰው ላለው፣ በተለይም ዘር ማቆየት ለሚፈልግ፣ ያስኬዳል። እነዚህ ለሌሉት ግን እርግዝናን ለጊዜው ማስተላለፍ ብቻ ነው።

ሁለተኛው አማራጭ፦ አንዴ ወልዳ ከዚያ ማስመከን

"ሳትወልድ ከቀረች ትታመማለች" የሚለው ነገር ከየት እንደመጣ እንጃ፤ መሠረት ግን የለውም። አንዴ መውለድ ለውሻ ጤና የሚጨምረው ነገር የለም። ይልቁንም ከታች የምትመለከቱትን የጡት ዕጢ መከላከያ ጥቅም ያሳንሳል።

ጊዜውን ቁጠሩት። እርግዝናው ወደ 63 ቀን ነው። ቡችሎቹ ከእናታቸው የሚለዩት ከሰባት ስምንት ሳምንት በኋላ ነው። በድምሩ አራት ወር። ከአራተኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ ቡችሎቹ እናንተ የምታቀርቡትን ምግብ ይበላሉ፤ እናትየዋ ደግሞ ስታጠባ ከወትሮዋ ሁለት ሦስት እጥፍ ትበላለች። የሥጋ ቤት ትርፍራፊ ያኔ አይበቃም። ትንሽ ውሻ ከሆነች በምጥ ልትቸገር ትችላለች። በወለደች በሁለተኛው በሦስተኛው ሳምንት ብትንቀጠቀጥና እግሯ ቢገተር ደግሞ ካልሲየሟ ወርዷልና በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ነው።

ይህ አማራጭ ልክ የሚሆነው ወረቀቱ ላይ በቂ ስም ላላችሁ ብቻ ነው። ያም ቢሆን በመጀመሪያው ድራት አይሁን፤ ገና ልጅ ናት። ከወለደች በኋላ ቡችሎቹ ጡት ጥለው ወተቷ ሲደርቅ ታስመክኗታላችሁ። "በኋላ" ብላችሁ ካቆያችሁት ቀጣዩ ድራት ይቀድማችኋል።

ሦስተኛው አማራጭ፦ ቀዶ ሕክምና

ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቷት ሆዷ ይከፈታል። ሁለቱ እንቁልጢዎች (እንቁላል የሚያመርቱት አካላት) ብቻ ወይም ከነማህፀኑ ይወጣሉ። ሁለቱም ዘዴዎች ውጤታቸው ተቀራራቢ ነው። ከዚያ በኋላ ድራት የለም፣ እርግዝና የለም፣ የወንዶች ሰልፍ የለም። የማህፀን መግል ሥጋትም በተግባር ያበቃል።

የጡት ዕጢ ነገር ላይ ቁጥር እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1969 የታተመ፣ እስከዛሬ የሚጠቀስ የአሜሪካ ጥናት አለ። ከመጀመሪያው ድራት በፊት የመከነችው ለጡት ዕጢ ያላት ዕድል ያልመከነች ውሻ ካላት ዕድል 0.5 በመቶው ብቻ ነው። ከአንድ ድራት በኋላ 8 በመቶ፣ ከሁለት በኋላ 26 በመቶ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2012 ጥናቶቹን ሰብስበው የገመገሙ ተመራማሪዎች ማስረጃው የሚባለውን ያህል ጠንካራ አይደለም ብለዋል። እኔ ከዚህ የምወስደው ቁጥሩን ሳይሆን አቅጣጫውን ነው፦ በጊዜ ማስመከን ሳይጠቅም አይቀርም።

አሁን ወደ ጉዳቱ። በቀዶ ሕክምናው ዕለት የሚያስፈራው የደም መፍሰስና ማደንዘዣው ነው። ጤነኛና ወጣት ውሻ ላይ ሥጋቱ ትንሽ ነው፤ ዜሮ ግን አይደለም። ቁስሉም ሊያመረቅዝ ይችላል። ከዓመታት በኋላ ደግሞ አንዳንዶቹ በተኙበት ሽንት ያመልጣቸዋል። ይህ በተለይ ትልልቅ ውሾች ላይ ይታያል፤ መድኃኒት አለው። ውፍረትም አለ። ከመከነች በኋላ የሚያስፈልጋት ምግብ በሩብ ያህል ይቀንሳል፤ የምግብ ፍላጎቷ ግን ይጨምራል።

"ሰነፍ ትሆናለች፣ መጠበቅ ትተዋለች" ለሚለው፦ ጠባቂነት ከማህፀን አይመጣም። የምትጮኸው ግቢው የሷ ስለሆነ ነው። ሰነፍ የምትሆነው ስትወፍር ነው፤ ያ ደግሞ የናንተ ጥፋት ነው።

ጊዜው መቼ ይሁን? ለአገራችን መካከለኛ ውሻ ከ5 እስከ 6 ወር ባለው፣ ከመጀመሪያው ድራት በፊት። ለጀርመን ሼፐርድና ለመሰል ትልልቅ ዝርያዎች ግን ቢያንስ አንድ ዓመት ይሙላት። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎች ጀርመን ሼፐርድ ላይ ባደረጉት ጥናት አንድ ዓመት ሳይሞላቸው የመከኑት ላይ የመገጣጠሚያ ችግር በብዛት ታይቷል። ድራት ላይ እያለች አይሠራም፤ የደም ሥሮቿ ስለሚወጠሩ የመድማት ሥጋቱ ይጨምራል። ካለፈ በኋላ ሁለት ሦስት ወር ጠብቁ። ምርጫው ካላችሁ ሐምሌንና ነሐሴን እለፉት። የደሴ ጭቃ ለአዲስ ስፌት አይሆንም።

አራተኛው አማራጭ፦ መርፌው

ሴቶች በሦስት ወር አንዴ የሚወስዱት የወሊድ መከላከያ መርፌ ለውሻም ይሰጥ እንደሆነ የሚጠይቅ ብዙ ነው። ርካሽ ነው፣ በየመድኃኒት ቤቱ አለ፣ ድራትንም በእርግጥ ያቆማል። የሚማርከው ለዚህ ነው።

ነገር ግን ውስጡ ያለው ሆርሞን ማህፀኗን ለዚያ ለነገርኳችሁ መግል የሚያዘጋጀው ዓይነት ነው። የጡት ዕጢና የስኳር በሽታም ሊያመጣ ይችላል። ድራት ላይ እያለች ወይም ወንድ ካገኛት በኋላ ከተሰጠ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ተደጋግሞ በተሰጠ ቁጥር ዕዳው ይጠራቀማል። ዛሬ የሸሻችሁት ቀዶ ሕክምና ነገ በባሰ ሁኔታ ይጠብቃችኋል። የኔ ምክር አጭር ነው፦ አታስወጉ።

ሌሎች ሁለት ነገሮችም ይነሳሉ። ቱቦ ማሰር እርግዝናን ብቻ ያቆማል፤ ድራቱም፣ የወንዶቹ ግርግርም፣ የማህፀን መግሉም እንዳለ ይቀጥላል። ሆድ ከተከፈተ አይቀር ለምን በግማሽ? የራሳችሁን ወንድ ውሻ ማኮላሸት ደግሞ ለሱ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ለሷ ግን መንገዱ በሙሉ ወንድ ነው።

ባጭሩ በሠንጠረዥ

| አማራጭ | እርግዝና | ድራትና ግርግር | የማህፀን መግል | ወጪው መቼ ይመጣል | ለማን ይሆናል |
|---|---|---|---|---|---|
| እንዳለች መተው | በጥበቃችሁ ይወሰናል | ይቀጥላል | ሥጋቱ በዕድሜ ይጨምራል | ሳይታሰብ፣ ብዙ ጊዜ በእርጅናዋ | ግንብ አጥርና ቤት የሚውል ሰው ላለው |
| አንዴ ወልዳ ማስመከን | አንዴ ይኖራል | እስከዚያ ይቀጥላል | ከመከነች በኋላ ያበቃል | ሁለት ጊዜ፦ ለቡችሎቹ፣ ከዚያ ለሐኪሙ | ቡችላ የሚወስድ ሰው በስም ላለው |
| ቀዶ ሕክምና | ያበቃል | ያበቃል | ያበቃል | አንዴ፣ መጀመሪያ ላይ | ለአብዛኛው ሰው |
| መርፌ | ለጊዜው ይቆማል | ለጊዜው ይቆማል | ያባብሳል | በየጊዜው ትንሽ፣ በኋላ ብዙ | ለማንም አይሆንም |
| ቱቦ ማሰር | ያበቃል | ይቀጥላል | ሥጋቱ ይቀራል | አንዴ | ለጥቂት ሰው |

እንደየቤቱ

ቆርቆሮ አጥር፣ የጋራ ግቢ፣ የአገራችን ውሻ፦ ለደሴ አብዛኛው ቤት ይህ ነው። ስድስት ወር ሳይሞላት አስመክኗት። ሌላው አማራጭ ሁሉ እናንተ የሌላችሁን አጥር ይጠይቃል።

ግንብ ግቢ፣ ጀርመን ሼፐርድ፣ ቤት የምትውል እናት ወይም ሠራተኛ፦ አንድ ድራት በጥንቃቄ አሳልፉ። ዓመት ከሞላት በኋላ፣ ድራቷ ባለፈ በሁለተኛው ሦስተኛው ወር አስመክኗት።

ኮምቦልቻ ላይ መጋዘን ወይም ጋራዥ ኖሯችሁ ብዙ ውሻ የምትይዙ፦ ሴቶቹን ሁሉ በተከታታይ ቀን አስይዙ። አንዷን ትታችሁ ሌሎቹን ብታስመክኑ ወንዶቹ ለዚያችው ለአንዷ ይመጣሉ። ለበርካታ ውሻ አንድ ላይ ዋጋ መነጋገርም ይቻላል።

እጅ ላጠራቸው፦ በልጅነቷ ማስመከን የሚቀለው ለናንተ ነው። ማደንዘዣው በክብደት ስለሚሰላ ለትንሽ ውሻ ትንሽ ይበቃል፤ ሥራውም ይፈጥናል። ከሁለት ሦስት ጎረቤት ጋር ተነጋግራችሁ ሐኪሙን በአንድ ቀን ብታስመጡት የመንገዱ ወጪ ይከፋፈላል። እስከዚያው ግን በድራት ወቅት በሰንሰለት ደጅ ማሰር መጠበቅ አይደለም፤ ታስራ ለመጣው ሁሉ ትመቻቻለች። የሚዘጋ ክፍል፣ መጋዘን ወይም ማድ ቤት ይሁን።

ስምንት ዓመት ያለፋት፦ ዕድሜ ብቻውን አይከለክልም። ልቧና ደሟ ይመርመር፤ ጡቷ በእጅ ይዳሰስ። ጠጠር የመሰለ ነገር ካለ ሐኪሙ አብሮ ሊያወጣው ይችላል።

ሳታስቡት ወንድ ያገኛት፦ የሰው ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ አትስጧት። "ጽንስ የሚያስወርድ" ሆርሞን መርፌም አታስወጉ፤ ማህፀኗንና መቅኔዋን ሊጎዳ ይችላል። ቡችሎቹን የማትፈልጉ ከሆነ በእርግዝናው መጀመሪያ ማስመከን ይቻላል፤ ከሐኪሙ ጋር ቶሎ ተነጋገሩ።

ሐኪም ስትመርጡ

ደሴ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለ። የውሻ ቀዶ ሕክምና ማን እንደሚሠራ ለመጠየቅ ጥሩ መነሻ ነው። ኮምቦልቻ ያለው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ግን ዋና ሥራው በሽታ መመርመርና መከታተል ነው፤ ለቀዶ ሕክምና ወደዚያ አትድከሙ።

ሐኪሙን ሳታፍሩ ጠይቁ። ሴት ውሻ አምክኖ ያውቃል? ቅርብ ጊዜ ነው? ማደንዘዣውን በሚዛን ነው በግምት የሚሰጠው? የህመም ማስታገሻ ዋጋው ውስጥ አለ? ማታ ብትደማ ስልክ ያነሳል? ሚዛን የለኝም ካለ፣ እናንተ ይዛችኋት ሚዛን ላይ ቆማችሁ፣ ከዚያ ብቻችሁን ተመዝናችሁ ብትቀንሱ ክብደቷ ይወጣል። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ የወጣውን አሳዩኝ በሉ። ሁለት እንቁልጢ መታየት አለበት። ቁራጭ እንኳ ከቀረ ድራቷ ይመለሳል፤ "አስመክኛት ነበር እኮ" የሚሉ ሰዎች ታሪክ አንዳንዴ ይኼ ነው።

ከሐኪም ቤት በኋላ

ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ምግብ አይሰጣት። ገና ትንሽ ቡችላ ከሆነች የጾሙን ሰዓት ሐኪሙ ይንገራችሁ።

ማደንዘዣ የወሰደ ውሻ ሙቀቱን መጠበቅ አይችልም። ኮምቦልቻ አስመክናችሁ ማታ ሐረጎን ሽቅብ ወደ ደሴ የምትመለሱ ከሆነ ከ1,850 ሜትር ገደማ ወደ 2,500 ሜትር አካባቢ እየወጣችሁ ነው። ብርድ ልብስ ያዙ፤ ከቻላችሁ ጠዋት አሠርታችሁ ከሰዓት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ድረሱ። ውሻ ቤት የማይገባበት ቤተሰብ ብዙ ነው። የመጀመሪያዋን ሌሊት ማድ ቤት ወይም በረንዳ ጥግ፣ ከሲሚንቶው በካርቶንና በጆንያ ተለይታ ትደር። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ጠላቱ ዝንብ ነው። ቁስሉን ጠዋት ማታ እዩት፤ እርጥብ አይሁን፣ አትጠቡት፣ ቅባትም ሆነ ሎሚ አትቀቡት።

ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክ አትስጡ። ቤት ውስጥ ያለ የሰው መድኃኒት ውሻን ይመርዛል። ድዷ ከነጣ፣ ከተኛችበት መነሳት ካቃታት፣ ከስፌቱ ደም መንጠባጠቡ ካላቆመ፣ ወይም በማግስቱ ምንም ካልቀመሰች ደውሉ። ስፌቱን እንዳትልሰው አንገቷ ላይ የሚጠለቅ ነገር ያስፈልጋል። ከሌለ አሮጌ ቲሸርት አልብሷት፣ ጀርባዋ ላይ ቋጥሩት።

ስፌቱ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል። እስከዚያ ሩጫና ዝላይ የለም፤ ከሌላ ውሻ ጋር መላፋትም የለም። ከዚያ በኋላ ምግቧን ሩብ ያህል ቀንሱ፤ ጎኗን ስትዳስሱ የጎድን አጥንቷ በእጃችሁ ካልተሰማ ከዚያም ቀንሱ።